የጩጬ መኪና

ፍሪጅ ጠጋኙ ያቺን ርካሽ ባለ ሪሞት መጫወቻ መኪና የወረሰው ቤተሰቡ «ጩጬ» ከሚለው ታናሽ ወንድሙ ነው። ጩጬ «ሞተሯን እንቀይርላትና ጉድ ታያለህ!» እንዳለ፣ ሳይሆንለት አስፋልት ሲሻገር መኪና ገጭቶ ገደለው።

ፍሪጅ ጠጋኙ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ አቀርቅሮ ሠራባት። ጠንካራ ሞተር ገጠመላት፤ የፕላስቲክ የማርሽ ጥርሶቿን በብረት ቀየረ፤ ሰፋፊ ጎማ አለበሳት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ባዶ ሜዳ ይዟት ወጣ። ሪሞቱን ነካ ሲያደርገው አፈር እየረጨች ተፈተለከች፤ ጉብታውን ዘላ በአራት ጎማዋ አረፈች። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ።

ስልኩ ጠራ። ሚስቱ ነበረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ልብህን የት ጥለኸው ነው የሄድከው? ያለችህ አንዲት የመጫወቻዋ መኪና ባትሪ እኮ እዚህ ቻርጀር ላይ ናት። ላምጣልህ?»

ሪሞቱን መሬት ላይ አስቀመጠው። መኪናዋ ግን አልቆመችም፤ ዞር ብላ ጩጬ ወደተገጨበት አስፋልት መብረር ጀመረች። ከኋላዋ ሮጠ። የሚለውን ሳያስበው ድምፁ አመለጠው፦

«ጩጬ! ቁም!»

መኪናዋ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቀጥ አለች።