የአዛሊያው ባለቤት

አዛሊያው የልብስ ሰፊዋ የዓይን ብሌን ነበር። እናቷ ሲድሯት የሰጧት አበባ ነው፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ደግሞ በዚያ ቤት ከሰው እኩል ደህንነቱ ይጠየቃል። የቀትር ፀሐይ አያገኘውም፤ የጠወለገ አበባው አንድ በአንድ ይለቀማል፤ ሥሩ ከላይ ከላይ ስለሆነ አፈሩን ማንም አይነካካበትም።

ሰሞኑን ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ቀረ። ልብስ ሰፊዋ ጥፋቱን የምትጭንበት ሰው አላጣችም። የባሏ እህት አብራቸው መኖር ከጀመረች አንስቶ ዓይኗን ጥላበታለች። «ለኔ ብትተዪልኝስ?» ያለችውን ቀልድ ነው ብሎ የሚያምን ሞኝ ብቻ ነው።

ባሏ ጭቅጭቅ አይወድም። ቀያሽ ስለሆነ የወሩን እኩሌታ መስክ ነው፤ ቤት ሲገባ ሰላም ይፈልጋል። አበባውን ከነእቃው መኪናው ላይ ጭኖ ለሚያውቀው ችግኝ ሻጭ ወሰደላት።

በሳምንቱ ልትጠይቀው ሄደች። ችግኝ ሻጩ «ግቢ፣ እህት» ብሎ ተቀበላት። የቧንቧው ውሃ ኖራ ስለሚበዛው አዛሊያ እንደማይስማማው፣ ከእንግዲህ የዝናብ ውሃ ብቻ እንዲጠጣ አስረዳት። አፈሩንም ኮምጠጥ ባለ አፈር ለውጦለታል። አዲስ ቅጠል ማቆጥቆጡን አይታ ደስ ብሏት ተመለሰች።

ልትወስደው ስትሄድ ግን ቦታው ባዶ ነበር።

«ባለቤቱ መጥታ ወሰደችው እኮ» አላት።

ደሟ ፈላ። ምን ትመስላለች ብላ ጠየቀችው። ጠይም ናት፣ ረዘም ትላለች፣ አለ። የባሏ እህት ጠይም ናት፤ ረጅምም ናት።

ቤት ገብታ አፋጠጠቻት። የባሏ እህት አልወሰድኩም ብላ ምላ ተገዘተች። የወሰደችውን ሴት መልክ ስትሰማ ግን ፊቷ ተለዋወጠ፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ተይው በቃ፤ እኔ ሌላ እገዛልሻለሁ» አለች።

ሌባ ካልሆነ ማን እንዲህ ይላል? ልብስ ሰፊዋን ከአበባው ይልቅ ክህደቱ አንገበገባት። እንደ እናቷ ልጅ አቅርባት፣ ቀሚስ እየሰፋች አልብሳት፣ ምስጢሯን ሳትደብቅ አጫውታት፣ ዋጋዋ ይሄ ሆነ። ሻንጣሽን አዘጋጂ አለቻት። ከዚያ በፊት ግን ፊት ለፊት ትጋለጥ ብላ ክንዷን ይዛ ወደ ችግኝ ሻጩ ወሰደቻት። የባሏ እህት መንገዱን ሁሉ እያለቀሰች «ይቅርብሽ» ትላታለች።

«ይቺ ናት አይደል?»

«ኧረ አይደለችም» አለ ችግኝ ሻጩ።

«ታዲያ ለማን ነው የሰጠኸው? ባለቤቱ እኔ ነኝ።»

ሰውዬው ግራ ገባው።

«አንቺማ እህቱ ነሽ፤ እኔ ያልኩሽ ሚስቱን ነው።»