በተቋም ስም የመጣው መጽሔት

በጥቅምት 1981 ዓ.ም. ከለንደን የተላከ ቡናማ ፖስታ ናዝሬት ደረሰ። ሳንሱር ከፍቶ መልሶ አሽጎታል። ውስጡ መዳን የማይችሉ ሕሙማንን ሥቃይ ስለ ማስታገስ የሚጽፍ የሕክምና መጽሔት ነበር። ተቀባዩ ግለሰብ አይደለም፤ በከተማው ያለ አንድ ሆስፒታል ነው።

የሆስፒታሉ አስተዳዳሪና የፓርቲ ተጠሪ ጓድ ሰብስቤ እንዲህ ያለ መጽሔት አላዘዘም። የፖስታ ሣጥኑን ዘወትር የምትከፍተው ዋና ነርሷ ሲስተር ጫልቱ ናት። ያን ሳምንት አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ስለነበረች ፖስታው እሱ ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

ሁለት ቀን ፋይል አገላበጠ። በደንበኝነት ቅጹ ቅጂ ላይ ያለው ማኅተም የሆስፒታሉ፣ ፊርማው የጫልቱ ነው። ክፍያውን የሸፈነው ከኩየራ ሆስፒታል ወደ አገሩ የተመለሰ የውጭ ሐኪም ነው። ከሰኔ ጀምሮ ደግሞ በየሳምንቱ ከፋርማሲ ሞርፊን ወጥቷል። ማዘዣዎቹ ላይ የበሽተኛ ስም የለም።

ሰሜን ጦርነት ነበር። ቁስለኛ ያለው መንግሥት ብቻ አልነበረም።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ጫልቱን ቢሮው አስጠራት። የደህንነት መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዲመጣ አስቀድሞ ደውሏል።

«ተቀመጪ።» እሱ ቆሞ ነበር፤ ሲቀመጥ ጀርባውን ያመዋል።

«ምሳ በሉ ጓድ ሰብስቤ?»

«ዛሬ ጠያቂው እኔ ነኝ።» አንድ የቆየ እትም ጠረጴዛው ላይ ጣለ። «ይሄ ከመሳቢያሽ የወጣ ነው። ቁጥር አስምረሽበታል። ‹በየአራት ሰዓቱ› ይላል እዚህ ጋ። በየአራት ሰዓቱ የሚሆነው ምንድን ነው?»

«የመድኃኒት መጠን ነው።»

«ለማን የሚሰጥ?»

ጫልቱ መጽሔቱን አጠፈችው።

«እኛ ዘንድ መዳን የማይችል ሰው አይተኛም፤ ወደ ቤቱ ነው የምንሸኘው። ወይስ አዲስ ክፍል ከፍታችሁ ሪባኑን ሳልቆርጥ ቀረሁ?»

ጫልቱ አልሳቀችም። ስምንት ሰዓት ሆነ። ሰብስቤ ከሰኔ ጀምሮ ፋርማሲው በየሳምንቱ የሚቀምምለትን የጨጓራ ሽሮፕ አውጥቶ አንድ ማንኪያ ጠጣ። ቀበቶውን አጠበቀና ቀጠለ።

«ሁለት ልጆች አሉሽ። የደህንነት መኪና ጠርቻለሁ፤ እነዚያ ሰዎች ከወሰዱሽ እኔም አላስፈታሽም። መድኃኒቱ ጫካ ነው የሚሄደው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው የበሽተኛውን ስም ንገሪኝ። አንድ ስም። መኪናውን ባዶውን እመልሰዋለሁ።»

«አልችልም።»

«ለምን?»

«ምያለሁ።»

«ለማን ነው የማልሽው?»

 ሰብስቤ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ጠየቃት። ሦስቱንም ጊዜ «ምያለሁ» አለች። እሱም ለደህንነት የሚያስረክብበትን ወረቀት አውጥቶ ስሟን ጻፈበት፤ ፈረመም።

ዘበኛው መርጋ በሩን አንኳኳ።

«ጓድ፣ መኪናው ግቢ ገብቷል። ባለቤትዎ ወይዘሮ ተሻለችም መጥተዋል።»

«ተሻለችን ማን ጠራት?»

«እኔ እንጃ ጓድ። ነርሶቹ ሲደውሉ ሰምቻለሁ።»

«ሥራ ላይ ነው በላት። ትጠብቀኝ።»

አልጠበቀችም። መርጋን ገፋ አድርጋ ገባችና በጫልቱና በበሩ መካከል ቆመች። ከኋላዋ ሁለት የደህንነት ሰዎች በኮሪደሩ እየመጡ ነበር።

«ልቀቃት ሰብስቤ» አለች። «ሕመምህን እንዳትነግርህ ያስማልኳት እኔ ነኝ።»