ወልደ ሥላሴ ቤት ሲያጸዳ

ወልደ ሥላሴ የተማረው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከአራተኛ ክፍል በላይ ያለውን ግን ማንንም ሳይጠይቅ ያውቀዋል።

ልጁ ሮማነወርቅ አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ወዳለችው ሳክሲ ስታስመጣው ሁለት ሻንጣ ሙሉ የገዛ ማሳውን እህል ይዞ መጣ፦ ባቄላ፣ ሽሮ፣ በሶ። ልብሱ ያለው በእጁ ባንጠለጠላት ፌስታል ውስጥ ነበር። ፎርት ዎርዝ መጋዘን ውስጥ የሚሠራው አማቹ ሕዝቅያስ ባቄላውን ዘገን አድርጎ አየው።

«አባባ፣ ይሄ የዘንድሮ ነው?»

«የካቻምና።»

«አንድም የነቀዝ ቀዳዳ የለውም እኮ!»

«እህል ባለቤቱን ይመስላል» አለ ወልደ ሥላሴ። በዚያ ሳምንት ከተናገረው ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር።

ሮማነወርቅ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ልጅ ፈልጋ ስድስት ዓመት ተንከራትታለች። ሐኪሞቹ ሕክምናውን ከመጀመራቸው በፊት አሥራ አምስት ኪሎ እንድትቀንስ ነግረዋታል። ጾመች፣ ሮጠች፣ ጎረቤት ከተማ ሮውሌት ድረስ እየሄደች ሐይቁን ዞረች፤ ኪሎው ንቅንቅ አላለም። አባቷ የልጅ ልጅ ማየት እንደሚፈልግ ነግሯት አያውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ አይወጣም። የመጣው ግን ለዚሁ ነው።

አንድ ቀን ክብደት አልቀንስ ላላቸው ሴቶች በሚደረግ ጥናት ተመዘገበች። አጥኚዋ ሐኪም ደሟን ወስዳ አንድ ወረቀት ሰጠቻት። በየቤቱ ያሉ ኬሚካሎች ሰውነት ውስጥ ገብተው ክብደትንና ጤናን ሊያዛቡ ይችላሉ ይላል ወረቀቱ፤ ከእነ ፕላስቲክ፣ ከእነ ሽቶ ለሦስት ወር ራቂና ደምሽ እንደገና ይታያል። ሮማነወርቅ ለአባቷ ተረጎመችለት። ባትተረጉምለት ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ኩሽናው ተራቁቷል።

«አባባ፣ የፕላስቲክ ኮንቴነሮቼስ?»

«ጣልኋቸው።»

«ምግብ የማይጣበቅበት መጥበሻዬስ?»

«ምግብ እንኳ አልነካውም ያለውን ዕቃ አንቺ ትነኪዋለሽ?»

«ሶ፣ በምንድን ነው የምንበላው?» አለ ሕዝቅያስ።

«እጅ የለህም?»

የሽቶ ሳሙናው ሄደ። ግድግዳ ላይ ተሰክቶ የሎሚ ሽታ የሚተፋው ነገር ሄደ። ሶፋውንም እሳት እንዳይዘው ኬሚካል ይነክሩታል ተብሎ ስለተጻፈ፣ ወልደ ሥላሴ ሦስት ወር ሙሉ በእንጨት ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ማንም አላስገደደውም። ወገቡ ተሰበረ፤ አልተናገረም። ከመጣ ወዲህ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ለቅቆ ነበርና፣ ያንንም በሶፋው አላከከ። ጠዋት ማታ ትሪ ሙሉ እንጀራ የሚጨርሰው ሶፋው ይመስል።

የጎረቤቱን ሣር መድኃኒት የሚረጨው ሠራተኛ የመጣ ዕለት ደግሞ ከዘራውን ይዞ በር ላይ ቆመ።

«ለእህል ቢሆን ይገባኛል። ለሣር መርዝ?»

ሠራተኛው ምን እንዳሉት ሕዝቅያስን በእንግሊዝኛ ጠየቀው።

«ቤተሰብ ደኅና ነው ወይ ነው የሚሉህ» ሲል ሕዝቅያስ ተረጎመለት።

ሠራተኛው ደስ ብሎት እጁን አውለበለበ። ወልደ ሥላሴ ያሸነፈ መሰለው።

ከሱቅ የሚገዛ ምግብም ተከለከለ። ከዚያ በኋላ የሮማነወርቅ ቁርስ በሶ፣ ምሳዋ ባቄላ፣ እራቷ ሽሮ ሆነ። ሕዝቅያስ በቤቱ ጋራዥ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ በርገር ሲበላ ተያዘ።

«አባባ፣ ይሄ ጾም ነው እስር ቤት?»

«እስረኛ በሩ ይዘጋበታል። ያንተ ክፍት ነው።»

ሮማነወርቅም አንድ ቀን ሳህኗን ገፋ አደረገች። «ባቄላ ሰለቸኝ፣ አባባ።»

«ያሳደገሽ እሱ ነው። ብዪ።»

በላች። በሦስተኛው ወር ሁለት ኪሎ ቀነሰች። ወልደ ሥላሴ ሁለቱን ኪሎ ከላይዋ በእጁ ያወረደላት ይመስል አንገቱን አቀና። የደም ውጤቱ የሚነገርበት ዕለትም ኮቱን ለብሶ፣ ማንም ሳይጠራው፣ መኪናው ውስጥ ቀድሞ ተቀመጠ።

ሐኪሟ ወረቀቱን እያየች ተናገረች። ሮማነወርቅ ፊቷ በራ።

«የፕላስቲኩ ኬሚካል በግማሽ ቀንሷል ትላለች!»

«የሽታውስ?»

«እሱም! ከሁሉም ሴቶች የኔ ቤት ነው አንደኛ የወጣው።»

ወልደ ሥላሴ ስድስት ዓመት ሐኪሞች ያልቻሉትን በሦስት ወር እንደሠራው አሰበ። አገሩ ሲገባ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለነማን እንደሚያወራው መምረጥ ጀመረ። የልጅ ልጁን ስም እንኳ መረጠ።

ሐኪሟ ገጹን ገለጠች። ፈገግታዋ ጠፋ። ረጅም ተናገረች።

«ምን አለች?»

«አንዱ መርዝ… ከበፊቱ ሦስት እጥፍ ሆኗል። ስብ ውስጥ ተደብቆ ዓመታት የሚቆይ ነው አለች። ያወፈረሽ እሱ ነው ብዬ አልምልም፣ ግን ምንጩ እስኪገኝ እርግዝናው ይቆይሽ አለች።» ወደ አባቷ ዞረች። «ሕክምናው ቆመ፣ አባባ።»

ወልደ ሥላሴ ከዘራውን ጨበጠ። «የየትኛው ሱቅ ዕቃ ነው? ንገሪኝ፤ ዛሬውኑ ወጥቶ ይጣላል!»

«ከሱቅ አይደለም። እዚህ አገር ከተከለከለ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። እሷም ከየት እንዳገኘሁት ግራ ገብቷታል። ስሙን ቶሎ ስለጠራችው አልያዝኩትም።»

ወደ ሐኪሟ ዞራ ስሙን እንድትደግምላት ጠየቀቻት።

«ዲዲቲ» አለች ሐኪሟ።

ወልደ ሥላሴ ይህን ተርጉሚልኝ አላለም።