አርባ ጎጆ በወንዝ ውስጥ

ባዬ የሚኖረው ወንዝ ውስጥ ነው። ይህን ያለው እሱ ሳይሆን መንግሥት ነው።

ከባሱንዳ ከተማ ወጣ ብሎ አርባ ጎጆ ያለው ካምቦ፣ የጉልበት ሠራተኞች ሰፈር፣ አለ። ሰሊጥ ሊያርሙና ሊያጭዱ ከጎንደር ገጠር ድንበር ተሻግረው ወርደው እዚያው የቀሩ ሰዎች የሠሩት ነው። ወንዙ ከዚያ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። በገዳሪፍ ቢሮዎች ካርታ ላይ ግን የካምቦው ነጥብ ወንዙ መሐል፣ አዞ የሚተኛበት ላይ ቁጭ ብላለች። የውሃው ቢሮ ከእርሻው ቢሮ ገልብጧል፤ የመሬቱ ቢሮ ከውሃው። ፈተና የሚኮርጅ ተማሪ እንኳ እንዳይታወቅበት አንዷን መልስ ይቀይራል፤ እነሱ አልቀየሩም።

ባዬ ትምህርቱን ያቋረጠው ከስድስተኛ ክፍል ነው። ጎጆ ወንዝ ውስጥ እንደማይቆም ለማወቅ ግን ሰባተኛ ክፍል አያስፈልግም።

ዘንድሮ «አንድ አገር፣ አንድ ካርታ» የሚባል ሥራ መጣ። ቢሮ ሁሉ በአንድ መለኪያ፣ በአንድ ስም፣ በአንድ ቁጥር እንዲሠራ ተባለ። ለዚሁ አራት ቀን ተሰበሰቡ። አንዱን ቀን በካርታው ስም ተጨቃጨቁ፤ አንዱን ቀን የካርታ ክፍሉን ቁልፍ ማን ይያዝ ብለው ተኮራረፉ፤ ሦስተኛው ቀን ለእርቁ በግ ታርዶ አለቀ። የአራተኛው ቀን ውሳኔ ግን ካምቦ ድረስ ተሰማ። ነጥቡ በትክክል የተለካ ሰፈር ሁሉ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥር ያለው የውሃ ፓምፕ ይተከልለታል። ቁጥር ለሌለው ምንም ወረቀት አይጻፍለትም።

የባዬ እህት አሰፋሽ የስድስት ወር እርጉዝ ሆና በቀን ሁለቴ ወንዝ ትወርዳለች። ባለፈው ክረምት ያንኑ የወንዝ ውሃ ጠጥቶ የታመመ ልጇን ቀብራለች። ስለ ፓምፑ ስትሰማ ሆዷን ዳሰሰች።

ባዬ ሄዶ ለካርታ ሰዎቹ ተሸካሚ ሆነ። ሥራው የመለኪያውን ዘንግ ይዞ ፀሐይ ላይ መገተር ነው። አለቃው ሙሐመድኑር ይባላል፤ የዚያን አካባቢ ካርታ ስድስት ዓመት የሠራ፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ የገዳሪፍ ሰው። መስጊዱን ለኩ፣ ወፍጮ ቤቱን ለኩ፣ የከብት ማጠጫውን ለኩ። ካምቦው አጠገብ ሲደርሱ ግን ሙሐመድኑር ሰበብ አያጣም። አንዴ ባትሪ አለቀ ይላል፤ አንዴ ሳተላይት ጠፋ ይላል፣ ሰማዩ እንደ መስታወት ጠርቶ።

ምክንያቱ ለባዬ አልጠፋውም። ካምቦው ያረፈው አኑዋር የሚባል ባለ ብዙ ትራክተር «የኔ ነው» በሚለው መሬት ጫፍ ላይ ነው። አኑዋር ሰዎቹ ይነሡልኝ እያለ በየዓመቱ ቢሮ ይመላለሳል፤ በየዓመቱ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሲመለስ ሙሐመድኑርን ቤቱ ጠርቶ በግ ያርድለታል። ባዬ በዓይኑ አይቷል። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ? በወረቀት ያልተነሣ ሰው በውሃ ጥም ይነሣል። ነጥቧ ወንዝ ውስጥ እንድትቀር ነው በጉ የታረደው።

ይህን ለአሰፋሽ ሲነግራት አልተዋጠላትም።

«ሰውየው ክፉ አይመስለኝም፣ ወንድሜ። ሲያየኝ አንገቱን ይደፋል።»

«በግ የዋጠ አንገት መቼ ቀና ይላል?» አላት።

በማግሥቱ ራሱን ሙሐመድኑርን፣ በአገሩ መሐንዲስ በሚከበርበት ስም ጠርቶ፣ ጠየቀው።

«ባሽሙሐንዲስ፣ የኛን ሰፈር መቼ ነው የምትለካው?»

«ተወው፣ ባዬ።»

«ወንዝ ውስጥ ነን እኮ።»

«ወንዝ ምን ይላችኋል? ቀዝቃዛ ነው።»

ባዬ ዘንጉን ሊያሳርፍበት እጁን በላው። ዋጥ አደረገና ዘንጉን ተሸክሞ ተከተለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዓይኑ ከሰውየው ጣት አልተነቀለም። ነጥብ የሚመዘገብባት ታብሌት እንዴት ትከፈታለች፣ አሮጌ ነጥብ እንዴት ይጠፋል፣ አዲሱ እንዴት ይገባል፣ መላኪያዋ አረንጓዴ ቁልፍ የት ናት፤ በሦስት ሳምንት ሁሉንም ለቀመ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የሚማሩት ይኼን ከሆነ ጊዜያቸውን አቃጠሉ።

አንድ ጁምዓ ሙሐመድኑር ከካምቦው ማዶ ካለችው መስጊድ ሊሰግድ ገባ፤ ዕቃውን ባዬ እንዲጠብቅ ተወለት። ባዬ ዘንጉንና ታብሌቷን ተሸክሞ ሮጠና ከአርባው ጎጆ መሐል ተከለው። መመሪያው እንደሚለው አሥር ደቂቃ ጠበቀ። ልኬቱ ሲረጋ የወንዟን ነጥብ አጠፋ፣ አዲሷን አስገባ፣ አረንጓዴዋን ተጫነ፤ ለሰፈሩ ቁጥር ወጣለት። ታብሌቷ ስሕተቱ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም አለች። ስንት ዲግሪ የተሰበሰበበት ካርታ አንድ እውነት ቢያገኝ በስድስተኛ ክፍል ሰው እጅ አገኘ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት የማሽን ድምፅ ተሰማ። ሴቶቹ ፓምፕ መጣ ብለው ጀሪካናቸውን እየያዙ ወጡ። አሰፋሽ ሁለት ይዛ ከሁሉም ቀደመች።

የመጣው ዶዘር ነበር። መንገድ ሳይጠይቅ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሳሳት፣ ባዬ ዘንጉን የተከለበት ላይ ደርሶ ቆመ። ከኋላው ፖሊስ፣ ከፖሊሱ ኋላ አኑዋር። ፖሊሱ የማስነሻ ትዕዛዙን አነበበ፤ እስከ ማታ ልቀቁ ይላል። ከግርጌው፣ ያለ እሱ ትዕዛዝ የማይጻፍበት የሰፈሩ ቁጥር አለ። ባዬ ቁጥሩን ዐወቀው።

ሙሐመድኑር በሞተር እየበረረ ደረሰ። ወረቀቱን ተቀብሎ ቁጥሩን ሁለቴ አየ። ከዚያ ባዬን አየው፤ አልተቆጣም።

«ስድስት ዓመት ሙሉ» አለው በቀስታ፣ «ወንዝ ውስጥ የደበቅኋችሁ እኔ ነበርኩ።»