አልታዘዝ ያለ ከንፈር

«ትራምፔቱን ተዪው፤ መንፊያውን ብቻ ይዘሽ ንፊ» አልኳት፣ መስታወቱን ፊቷ እያቆምኩ።

ነፋች። መጀመሪያ ደህና ድምፅ ወጣ፤ ወዲያው የከንፈሯ የግራ ጥግ ሽቅብ ተሳበና ትንፋሿ በጎን ሾለከ። መንፊያውን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ስበላ የለ፣ ሳወራ የለ፤ ይቺን ሳስጠጋ ብቻ! ሐኪሞቹ ፊትሽ ጤነኛ ነው ይሉኛል።»

«እውነታቸውን ነው። ጡንቻው አልታመመም፤ አንጎልሽ የሚሰጠው ትእዛዝ ነው የተምታታው።»

ይህን የነፊዎች ማገገሚያ ክፍል ከከፈትኩ ጀምሮ ለስንቱ ክላርኔትና ትሮምቦን ነፊ ይህንኑ ብያለሁ። ዛሬ ግን ድምፄ አነሰብኝ። ይቺን ልጅ ትራምፔት ያስያዝኳት እኔው ነኝ። ትንፋሿ አያልቅምና ጓደኞቿ «ባቡር» ነበር የሚሏት።

«ጋሼ፣ መቼ እንደጀመረኝ ያስታውሳሉ?»

እንዴት ይረሳል? ለምረቃው ኮንሰርት ሦስት ሳምንት ሲቀረን የልምምድ ክፍሉ በር ላይ ቆማ፣ «ከንፈሬ አልታዘዝ አለኝ» አለችኝ። እኔ ከኖታዬ ቀና እንኳ ሳልል፣ «ስንፍና ነው፤ በቀን ሁለት ሰዓት ጨምሪበት» አልኳት። ጨመረች። ኮንሰርቱ ላይ ብቻዋን የምትነፋው ቦታ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ እስከ ዛሬ አላየኋትም። ሌሎች ሁለት ተማሪዎች እንደሷ ሲሆኑብኝ ነው ደንግጬ ማስተማሩን ትቼ ይህን ሙያ ልማር የሄድኩት።

«አስታውሳለሁ» አልኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ።»

ከፎቁ በታች የሆነ ሰው መኪና ሊያስነሳ ይታገላል።

«እውነቱን ይንገሩኝ። ያኔ ባርፍ ኖሮ ይተወኝ ነበር?»

ለታካሚ እንዲህ ያለውን አንመልስም። እሷን ግን አንዴ በድፍረት አሳስቻታለሁ፤ አሁን በምን አፌ ልሸፋፍንላት?

«ጥቂት ወራት አርፈሽ ከሥሩ ብንጀምር ኖሮ... ምናልባት። የቀናቸው አሉ።»

«ጥቂት ወራት!» ሳቅ አለች፤ ሳቁ ግን ዓይኗ ጋ አልደረሰም። «እኔ እኮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ፋርማሲ ቆሜ መድኃኒት ስሸጥ፣ ሰነፍ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት።»

ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አነሰብኝ፣ መልሼ ዋጥኩት።

«አሁንስ?» አለች።

«አሁን ረጅም ነው። የድሮው ድምፅሽ ላይመለስም ይችላል። ከአንዲት ዝቅተኛ ኖታ እንጀምራለን፤ አምስት ሰከንድ ብቻ።»

ቦርሳዋን አነሳች። ሄደች አልኩ በልቤ፤ ብትሄድም አልፈርድባት። እሷ ግን መሐረብ አውጥታ ከንፈሯን ጠረገችና መንፊያውን አስጠጋች።

ድምፁ ቀጭን ነው፣ ይንቀጠቀጣል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ። ጥጉ ሊሳብ ሲል ግንባሯን ቋጠረች፤ ልትታገለው ነው፣ ያኔ እንዳስተማርኳት።

«በቃ፣ አረፍ በይ» አልኳት።

እጇ ቀስ ብሎ ወረደ። ዓይኗን ጨፈነች፤ እንባዋ ጉንጯን አልፎ የከንፈሯ ጥግ ላይ ቆመ።