በስንት ተገዛ?

የኢንሹራንሱ ገማች በተቃጠለው መኝታ ቤት ቆሞ እስክሪብቶውን ወደ ከሰለው ቁም ሣጥን ቀሰረ። "ይሄስ እማማ፣ በስንት ተገዛ?"

"አራት ሺህ ቢሉት ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ተከራክሮ በሁለት ሺህ አወረደው!" አሉ እናትየው ፊታቸው በርቶ። "ነጋዴው 'ጋሼ ገደሉኝ' እያለ ራሱ ተሸክሞ አመጣው።"

ልጃቸው በክርኗ ጎሸም አደረገቻቸው። ለሶፋውም ለአልጋውም ያሉት ይህንኑ ነበር፤ ዋጋው ባነሰ ቁጥር ካሳውም እንደሚያንስ፣ ባዶ ቤት ገብተው መሬት ላይ እንደሚተኙ ከጠዋት ጀምሮ ስትነግራቸው ነበር። "እማዬ፣ በፈጠረሽ፣ አራት ሺህ በይ!"

"ምን? ያን የመሰለ ሰው የተጠራለትን የሚከፍል ሞኝ ነበር ብዬ ላስጽፍ? ከሞተ በኋላ ላሰድበው?"

ገማቹ ቅጹን ገለበጠ። "ልክ ነዎት፣ የድሮውን እንተወው። እዚህ ጋ የዛሬ ዋጋ የሚል ቦታ አለ። ዛሬ ገበያ ቢወጡ በስንት ይገዙታል?"

እናትየው ወደ ቁም ሣጥኑ ተጠጉ። የሣጥኑን ጥላሸት በመዳፋቸው ጠረጉት፣ ደግመው ጠረጉት።

"ዛሬማ የጠሩልኝን እከፍላለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ማን ይከራከርልኛል?"