የመጨረሻዋ ንብ ካርታ

ንቦች ካለቁ አራት ዓመት ሆኗል። የመጨረሻዋን ንብ ከነሕይወቷ ለተመራማሪዎች የሰጡት ንብ አናቢው አቶ ጥጋቡ ናቸው። ያኔ «አእምሮዋን ካወቅን ዘሯን እንመልሳለን» ተብለው ነበር።

ዛሬ ውጤቱን እንዲያዩ ተጠሩ። የንቧ አእምሮ ካርታ ግድግዳ በሚያክል ስክሪን ላይ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቷል።

«ይንኩት አባባ» አለቻቸው ተመራማሪዋ ፍሬገነት።

አንዱን ክር ሲነኩ በመቶ የሚቆጠሩ ክሮች አብረው ብልጭ አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«ወደ ቀፎዋ የምትመለስበትን መንገድ የምታውቅበት ነው። የእርስዎን ግቢ ማለት ነው።»

«ታዲያ መቼ ትመለሳለች?»

ፍሬገነት አንገቷን ደፋች። «ካርታውን ለማንሳት አእምሮዋን በስሱ መቆራረጥ ነበረብን። ማየት እንጂ መልሰን መሥራት አልቻልንም።»

አቶ ጥጋቡ ክሩን ደጋግመው ነኩት። በነኩት ቁጥር በራ። ከዚያ አመስግነው ወጡ።

በማግስቱ ማለዳ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ጓሮ ተንበርክከው፣ በንቦች ፋንታ በዶሮ ላባ የወንዴውን የዱባ አበባ ብናኝ ወደ ሴቴዋ አበባ ያሻግሩ ነበር።

«ምን አሉህ?» ሲሉ ጠየቋቸው።

«ለእኔም ላባ ስጪኝ» አሉና አጠገባቸው ተንበረከኩ። «ስንት መደብ ቀረሽ?»

«ገና መጀመሬ ነው» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት ላባ እያቀበሏቸው።